አክተሩ ለምን አልገደለውም?

ባለፈው ክረምት ሐይቅ፣ እህቴ ቤት ሰነበትኩ። ማታ ማታ መብራት ካለ ልጇ ፍላሹን ከኪሱ ያወጣና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይሰካል። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ካርቱን ነው፤ ሱቅ ሲላክ ከሚተርፈው መልስ እየቆጠበ ነው ያስጫነው። እናቱ ታውቃለች፣ እንዳላወቀች ትሆናለች።

አንድ ማታ እኔም ጋቢዬን ደርቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የባትማን ፊልም ነበር። ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ አንዴም ሳንነጋገር ጨረስነው። ሲያልቅ ልጁ አልተነሣም። ዞር አለና፣

“አጎቴ፣ አክተሩ ለምን አልገደለውም?” አለኝ።

“ማንን?”

“ጆከርን ነዋ! እጁ ላይ ወድቆለት ነበር እኮ። ፈሪ ነው እንዴ?”

እኔ ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? “ካርቱን ስለሆነ ነው። በል ተነሥና ተኛ!” አልኩት። ተነሣና ተኛ። እኔ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ይሄን ያህል ዓመት ሰውን በጽሑፍ ስመክር የኖርኩ ሰውዬ፣ አንድ ሕፃን ቁም ነገር ቢጠይቀኝ መልሴ “ተኛ” ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ዓምድ ላይ ካርቱንን የሚያወግዝ ጽሑፍ ጽፌ ነበር። ልጆቻችን ቴዎድሮስን ሳያውቁ ሱፐርማንን አወቁ፤ ፎጣ አንገታቸው ላይ አስረው ካጥር ይዘላሉ፤ ድብድብ ተማሩ፤ ባህላችን አለቀለት... ብቻ የማላልኩት አልነበረም። ጽሑፉ ተወደደልኝ። መንገድ ላይ እያስቆሙ “እጅህ ይባረክ” ያሉኝ ነበሩ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያንን ስጽፍ ከነዚያ ፊልሞች አንዱንም ከዳር እስከ ዳር አላየሁም ነበር። ያላየሁትን ነገር ነው የረገምኩት። ዛሬ ያንን እርግማን ላነሣ ነው የመጣሁት። ወቀሳ ፈልጋችሁ ይሄን ገጽ የገለጣችሁ ካላችሁ አይዟችሁ፣ ወቀሳ አለ። አድራሻው ነው የተቀየረው።

በመጀመሪያ ስለ ፊልሞቹ። መነሻቸው ኮሚክስ የሚባለው በሥዕል የሚተረክ መጽሔት ነው። ሱፐርማን በ1938 እ.ኤ.አ.፣ ባትማን በዓመቱ በ1939 የተወለዱት እንዲህ ባለ መጽሔት ላይ ነው። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰባቸው ትልልቆቹ ፊልሞች ሲኒማ ቤት ይገባሉ። አነስ ባለ ወጪ የሚሠሩት ካርቱኖች ግን አብዛኞቹ ሲኒማ ቤት ሳይረግጡ በቀጥታ ለዲቪዲ ነው የሚወጡት። ማርቭል የሚባለው አሳታሚ በ2006 “አልቲሜት አቬንጀርስ”ን፣ ተፎካካሪው ዲሲ ደግሞ በ2007 “ሱፐርማን፦ ዱምስዴይ”ን በዚህ መንገድ አወጡ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቁጠራቸው!

“ቀጥታ ለቪዲዮ” ሲባል ለአሜሪካኑ የደረጃ ዝቅታ ነው አሉ። እኛን ግን ምን ይገርመናል? እኔ ባደግኩባት ሐይቅ ሲኒማ ቤት አልነበረም። ፊልም ሁሉ፣ የህንዱም የአሜሪካውም፣ ቀጥታ ወደ ቪዲዮ ቤት ነበር የሚመጣው። አግዳሚ ላይ ተጣበን ተቀምጠን ቀድሞ ያየ ልጅ ከኋላ ሆኖ ሊሆን ያለውን ሁሉ ይነግረናል። ቋንቋው አይገባንም፤ ሕጉን ግን እናውቀዋለን። ሕጉ አንድ ነበር፦ አክተሩ አይሞትም። አክተሩ አይሞትም፣ ሌላውን ሁሉ ይገድላል።

የእህቴ ልጅ ያሳየኝ ፊልም ሁለቱንም ሕግ ነው የሚያፈርሰው። “ባትማን፦ አንደር ዘ ሬድ ሁድ” ይባላል፤ በ2010 በቀጥታ ለዲቪዲ የወጣ ነው። ገና ሲጀምር የባትማን ረዳት፣ ሮቢን የሚባለው ጉብል ይሞታል። ጆከር በብረት ደብድቦ ፈንጂ ካጠመደበት ቤት ይተወዋል፤ ባትማን ለጥቂት ይዘገያል። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ከሞት ተነሥቶ፣ ጎልምሶ፣ ፊቱን በቀይ ጭንብል ሸፍኖ ይመጣል። ወንበዴዎችን መግደል ይጀምራል። በመጨረሻም ጆከርን አንበርክኮ አሳዳጊውን ፊት ለፊት ይጠይቀዋል። ነገሩ ሲጠቃለል ይሄ ነው፦ እኔን የገደለ ሰው እስካሁን ለምን ይተነፍሳል? ሽጉጥ ይሰጠዋል፤ ወይ እሱን ግደል ወይ እኔን ይለዋል። ባትማን አይገድልም። መግደሉ ከብዶት እንዳልሆነ ይነግረዋል። እንዲያውም እጅግ ቀላል ነው፤ ወደዚያ አንዴ ከገቡ ግን መመለሻ የለም ነው የሚለው።

ይሄ ነው እንግዲህ “ልጆቻችንን ድብድብ አስተማረ” ያልኩት ካርቱን።

አሁን ደግሞ አንድ ጉድ ልንገራችሁ። ፊልሙ የተቀዳበት የሮቢን አሟሟት መጀመሪያ የተሳለው በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣ ኮሚክስ ላይ ነው። በዚያ ታሪክ ልጁ የሚሞተው የት መሰላችሁ? ኢትዮጵያ ውስጥ! ወላጅ እናቱን ፍለጋ አገር ላገር ሲዞር እዚህ በረሃብ መጠለያ ውስጥ የምትሠራ ሐኪም ሆና ያገኛታል። ሴትየዋ የእርዳታ ገንዘብ የምትነካካ ናት። ለጆከር አሳልፋ ትሰጠዋለች፤ መጋዘን ውስጥ ሁለቱም ያልቃሉ። አሳታሚው ደግሞ የልጁን ዕጣ ለአንባቢ ነበር የተወው። በስልክ ድምፅ ስጡ አለ፤ አንዱ ጥሪ ሃምሳ ሳንቲም ዶላር። ይሙት ያሉ 5,343፣ ይዳን ያሉ 5,271። በ72 ድምፅ ልጁ ሞተ።

ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ፊልሙ ሲሠራ ግን ኢትዮጵያ የለችም። ሮቢን የሚሞተው ቦስንያ፣ ሳራዬቮ ውስጥ ሆነ። ከመድረኩ ወጣን ማለት ነው።

እስቲ አሁን ምን ልበል? ሰባ ሰባትን ያየ ወሎዬ ይሄን ሲሰማ ደስ ይበለው ወይስ ይቆጣ? እናቴ ያን ዘመን ስታነሣ ድምጿ ይቀየራል። ለነሱ ግን ያ መከራ አንድ የሌላ አገር ልጅ የሚሞትበት መጋረጃ ነበር፤ መጋረጃው ሲያረጅ በሌላ ተተካ። ጎረቤቴ ቢሰማ “ናቁን!” ብሎ ይነሣል። እኔ ግን በነሱ አልፈርድም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላል ያገሬ ሰው። ሞፈሩን የቆረጠው ላይ ከመጮህ በፊት፣ የደጃፉ ባለቤት በዛፉ ምን ሠራበት? ሰባ ሰባትን ለልጁ የሚያሳይ አንድ የሥዕል መጽሐፍ እኛ እጅ አለ? እህቴ ቤት የለም። እናንተም ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ራሱን ላልሳለ ሰው ሌላው ይስልለታል፤ ሲሰለቸውም ይፍቀዋል።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። “ፈሪ ነው እንዴ?” አይደል ያለኝ? ይህን ከየት አመጣው? ከካርቱኑ እንዳልል ካርቱኑ ሰባ ምናምን ደቂቃ ሙሉ “አይገደልም” ሲል ነው ያመሸው። የማይገድል ፈሪ ነው የሚለውን ትምህርት የሰጠነው እኛ ነን። ሠርጋችን ላይ ፎካሪው ሲነሣ፣ ለቅሷችን ላይ አልቃሿ ስታሞግስ የምትሰሙት ቃል ምንድነው? “ገዳይ!” ነው። በቋንቋችን ነፍሰ ገዳይ ከሆነ ወንጀለኛ ነው፤ ነፍሱን ትታችሁ “ገዳይ” ካላችሁት ግን ሙገሳ ነው። አንበሳ የገደለም፣ ጠላት የገደለም፣ የጎረቤቱን ልጅ ለአንድ ክንድ ድንበር የገደለም ያቺኑ ቃል ይጋራታል።

ስማችንንስ አይታችሁታል? “አቬንጀርስ” የሚለውን ወደኛ ብትመልሱት ደመላሾች ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ለፊልም ያወጡትን ስም እኛ ለልጅ ስናወጣ ኖረናል። ደመላሽ አለን፣ ደምሰው አለን፣ ናደው አለን። አስታጥቄ የሚባል አውቃለሁ። “አስታርቄ” የሚባል ሰው ግን በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።

ይሄ ቀልድ ይመስላል። ሐይቅ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ግን ቀልድ አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲወርድ ከተማዋ መንገዱ ላይ ናት፤ አልቀረላትም። የእህቴ ልጅ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከዚያም ወዲህ ቢሆን የተኩስ ወሬ ከክልሉ አልጠፋም። ልጁ አልጋው ሥር የብስኩት ካርቶን አለችው፤ ቀልሃ ነው ያጠራቀመባት። የትልቁንና የትንሹን ለይቶ ያውቃል፤ የየትኛው መሣሪያ እንደሆነም ይነግራችኋል። ይህን ከባትማን አልተማረም። ታዲያ እኔ ከቀልሃው ካርቶን አጠገብ ተቀምጬ ፍላሹን ስረግም ነበር! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

“እና ጀግኖቻችንን ፈሪ ልታደርጋቸው ነው?” የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ቀስ በል ወንድሜ። አምባሰል የጦርነትን ነገር ከማንም አትማርም፤ የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ ነው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.። ዓድዋ ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። በመካከሉ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። በነዚያ ዓመታት ምን ተሠራ? በ17ኛው አንቀጽ ትርጉም ላይ ደብዳቤ ሲጻፍ፣ መልእክተኛ ሲመላለስ፣ ክርክር ሲደረግ ነው የተኖረው። በ1885 ውሉ እንደማይጸና ለመንግሥታት ተነገረ። ጦሩ የዘመተው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ለልጆቻችን ግን የምንነግራቸው የመጨረሻዋን አንዲት ቀን ብቻ ነው። ስድስቱን ምናምን ዓመት፣ የትዕግሥቱን፣ የክርክሩን ጀግንነት ማን ሳለላቸው?

እሱም ይቅር፤ ከዓድዋ ይልቅ የቀረበ ነገር አለን። በወሎ አበጋር የሚባሉ ሰዎች አሉ። ወሎዬ የሆናችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ደም የሚያደርቁ ናቸው። ሰው ሲገደልና ሁለት ቤተሰብ በጠመንጃ ሲተያይ መሃል የሚገቡት እነሱ ናቸው። የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ዓይን እንዲርቅ ያደርጋሉ፣ ይመላለሳሉ፣ ይለምናሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጉማ ያስከፍላሉ፣ በመጨረሻ ሁለቱን ወገን ከአንድ ማዕድ ያቀምሳሉ። እስላም ክርስቲያኑ ያከብራቸዋል፤ እርግማናቸውን ይፈራል። መሣሪያቸው ምርቃትና እርግማን ነው።

ይህን የማወራው ከመጽሐፍ አይደለም። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ የእናቴ ወንድም አምባሰል ውስጥ በድንበር ጠብ ተገደለ። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ እኔን እያዩ ያለቅሱ ነበር። የዚያን ቤት ወንድ ልጅ እኔ ነበርኩ። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ የማን እንደሚሆን ማንም አልተናገረም፣ ሁሉም ግን ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ማታ ስተኛ አያት የነበረውን አያታለሁ።

አበጋሩ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢና በትር፣ ሌላ ምንም የላቸውም። አያቴ ፊት ነሷቸው። ሄዱና ተመለሱ። እንደገና ፊት ነሷቸው። በሦስተኛው ደጃፋችን ላይ ያለ ዛፍ ሥር ተቀመጡና ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተነሡም። ውኃ ቢሰጧቸው አልጠጡም። ማታ ላይ አያቴ ራሳቸው ወጥተው አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ብዙ ወራት ፈጀ፤ ደሙ ግን ደረቀ። ጠመንጃው ተሸጦ በሬ ተገዛበት። እኔም እረኝነቱና ደም መላሽነቱ ቀርቶልኝ ሐይቅ፣ ትምህርት ቤት ተላክሁ። እኚያ ሰው በሦስተኛው ባይመለሱ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው የለም፤ ወይ እስር ቤት ነው ወይ አፈር ውስጥ።

እንግዲህ ባትማን ከዚህ የበለጠ ምን አደረገ? እሱ ቢያንስ ጥይት የማይበሳው ልብስ አለው፣ መኪና አለው፣ ዋሻ ሙሉ መሣሪያ አለው። የኛዎቹ ጋቢ ነው ያላቸው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እነዚያ ሰዎች አንድ ያልኖረ ጭንብል ለባሽ ፈጥረው፣ “ጉልበት ያለው ሰው ለምን አይገድልም?” ብለው፣ ጽፈው፣ ስለው፣ ፊልም አድርገው ውቅያኖስ ተሻግሮ ሐይቅ ድረስ እንዲመጣ አደረጉት። እኛ የኖረውን፣ ያየነውን፣ ያዳነንን ሰው አንድ ገጽ ላይ አልሳልነውም። ጀግና ሲባል በየአደባባዩ ሐውልት እናቆማለን፤ ሐውልቱም የሚይዘው ያው ጦርና ጎራዴ ነው። ደም ያደረቀ ሰው ሐውልት ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝና መጥቼ ልሳለመው።

“ሥዕል የኛ ባህል አይደለም” እንዳትሉኝ። ከከተማዋ ወዲያ ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ጠይቁ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ሥዕል ያለበት ወንጌል ያሠሩት እዚያ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ገድል በተራ በተራ፣ ሥዕል ከሥዕል እየተቀጠለ የሚተረከውስ ምንድነው? ማንበብ የማይችለው ሰው በዓይኑ እንዲያነበው አይደል የተሳለው? ኮሚክስ ብለን ስም ስላልሰጠነው ነው እንጂ።

ገንዘብም አታሳቡ። ቀጥታ ለዲቪዲ የሚሠራው ካርቱን የሚያስተምረን ይሄን ነው፤ ሲኒማ ቤት አያስፈልግም፣ ታላቅ አዳራሽ አያስፈልግም፣ አንድ ፍላሽ ይበቃል። የጀመሩም አሉ። “ፀሐይ መማር ትወዳለች”ን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለሕፃናት ያቀረቡት የዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ሰዎች፣ ቆየት ብለው ጎጂ ልማድን የሚታገሉ ሦስት ባለ ልዩ ኃይል ልጃገረዶችን፣ “ጥበብ ገርልስ”ን በካርቱን አምጥተዋል። ኢታን ኮሚክስ ደግሞ “ጀምበር” የሚባል የአዲስ አበባ ጀግና ወልዶ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አሳትሟል። እጃቸው ይባረክ። ግን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ሁለት ሦስት ነው እንዴ? ለበዓል ድግስ፣ ለባነር፣ ለቲሸርት ብር የማያጣ መሥሪያ ቤት፣ ለአንዲት የሥዕል መጽሐፍ ሲሆን “በጀት የለንም” ይላል። እኛ ጸሐፊ ተብዬዎቹ ደግሞ ካርቱን እንረግማለን። መርገም ቀለም ብቻ ነው የሚፈጀው።

በማግስቱ ልጁን ይዤው ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ውኃው ዳር ተቀምጠን የአበጋሩን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ጠመንጃውን፣ ዛፉን፣ ያልተጠጣውን ውኃ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ጠጠር እየወረወረ ቆየና፣

“ያንተ አያት ቢተኩስባቸውስ ኖሮ?” አለኝ።

“ሊተኩስ ይችል ነበር።”

“እያወቁ ነው የመጡት?”

“እያወቁ ነው።”

ትንሽ አሰበ። “እና ፈሪ አይደሉማ” አለ። “አይደሉም” አልኩት። ደስ አለኝ፤ የትናንትናውን መልስ በዚሁ የከፈልኩ መሰለኝ። ልጁ ግን አልጨረሰም ነበር።

“አጎቴ፣ ፊልሙ አለ? አስጭንልኝ።”

“የለም” አልኩት።

ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ አየት አደረጋትና መልሶ ከተታት።

ቸር ያሰማን።